የደረቀውንም ቅርንጫፍ ሳልዘል

ለውድ እናቴ ለሩቢዬላ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ከቁርጥማቱ አርፎ፣ ያ የማይለቅ ሳል ለቆሽ፣ የዚያን ፎቅ ቤት ደረጃ ሳታቃስቺ የምትወጪ ሆነሽ ያግኝሽ። እንዴት ነሽ እማ? ቫሌንሲያ መብረድ ጀምሯል? የላክንልሽን ሹራብ ትለብሺዋለሽ ወይስ ለሰንበት ብለሽ ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል? የምትንከባከቢያቸው እመት ሬሜዲዮስስ እንዴት ናቸው? አሁንም በእህታቸው ስም ነው የሚጠሩሽ? አንቺስ በደንብ ትበያለሽ? ተቀምጠሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ምድጃው አጠገብ ቆመሽ? ስትጽፊልኝ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መልሺልኝ። "ደህና ነኝ" ብለሽ ብቻ ካለፍሽው የቀረውን እኔ ራሴ እየሞላሁ ስጨነቅ እሰነብታለሁ።

እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ በዝቷል፤ ቢሆንም ቡናው ቀልቶ ለቀማ ተጀምሯል። ዱቫን በቁመት አልፎኛል፤ ታላቅ እህቱ መሆኔን ከትከሻው በታች ቆሜ ነው የማስታውሰው። ድምፁም ስለጎረነነ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ቄሱ ዘወር ብለው ያዩታል። አክስቴ ኖኤሚ ወገቧን ያማታል፤ ግን ተቀመጪ ያላት ሰው ወዮለት። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሜዴሊን እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድን እዚህ ቤት ነኝ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ታውቂኛለሽ እኮ፣ ስልክ ላይ አፌ ይተሳሰራል። "አለሽ?" ትዪኛለሽ፣ "አለሁ" እልሻለሁ፣ ከዚያ የየራሳችንን ትንፋሽ ስናዳምጥ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያየኝም። እመት ፋቢዮላ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ እስፔን ስለሚመጡ በእጃቸው እልክልሻለሁ።

ባለፈው ስትደውዪ ለገና አልመጣም አልሽ። ትኬት ተወዷል አልሽ። ዱቫን አመነሽ፤ እኔ አላመንኩሽም። ቆየት ብለሽ ለአክስቴ ኖኤሚ፣ እኔ ስገባ ወንድሜ አርካንሄል የሚወጣበት ቤት ምን ልሠራ እመጣለሁ ማለትሽን ሰምቻለሁ። አክስቴ ስልኩን ካላስጮኸች እንደማይሰማት ረስተሽዋል፤ እንኳን እኔ በረት ያለችው በቅሎም ሳትሰማሽ አልቀረችም። ይህን የምጽፍልሽ በዚያ ምክንያት ነው።

አጎቴ አርካንሄል ስምሽን ሳይጠሩ ሁለት ዓመት የኖሩት በምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያን ቀን አንቺ ባሕር ማዶ ነበርሽ፤ በዚህ በኩል እንዴት እንደነበር ማንም በወጉ የነገረሽ አይመስለኝም። አያቴ ዲዮሴሊና ያረፈችው ጠዋት ነው፣ ዱቫን ወተት ሊያመጣ እንደወጣ። አጎቴ ቡና ጭነው ወደ ከተማ ወርደው ነበር፤ ሲመለሱ ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘጋባቸው። እኔ ላንቺ ደወልኩ። አያቴ ገና አእምሮዋ ሳይከዳት፣ ይህ መጃጃል እናቴን ወስዷል፣ እኔንም ይወስደኛል፣ ስሞት አንጎሌን ይህን በሽታ ለሚያጠኑት ለሜዴሊን ተመራማሪዎች ስጡልኝ ብላ ያስገባችሽን ቃል አስታወስሽኝ። አንጎል ደግሞ ቀን አይጠብቅም፤ ሰዓታት ካለፉበት ለምንም አይሆንም። "ጥሪያቸው" አልሽኝ። ጠራኋቸው። የእነሱ መኪና በታችኛው መንገድ መጥቶ ወሰዳት። አጎቴ ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው እስከ ጉልበታቸው ተለውሰው ሲደርሱ አልጋው ባዶ ነበር።

በማግስቱ ስትመለስ ራሷ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ነበር። ፊቷ ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም እንደ ድሮዋ ነበረች። አጎቴ ግን ሻሹን ብቻ አይተው ወጡ። የዘጠኙን ቀን የመቁጠሪያ ጸሎት በሙሉ በረንዳው ላይ ቆመው ጸለዩ እንጂ አንድ ቀን ወደ ውስጥ አልገቡም። ለሰው፣ እህቴ እናቴን እንደ በሬ አስበለተቻት፣ ስንብት እንኳ ነፈገችኝ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም፤ ኋላ የሆነው እንዲገባሽ ነው።

የአጎቴ ቁስል ግን ያ ብቻ አልነበረም። አያቴ በመጨረሻው ዓመት እኔን ታውቀኝ ነበር። የአንቺንም ድምፅ በስልክ ስትሰማ ፊቷ ይበራ ነበር። ያላወቀችው እሳቸውን ብቻ ነው፣ ተሸክመው የሚያጥቧትን ልጇን። በቅሎ ሊሰርቅ የመጣ ሌባ ነው እያለች በመጥረጊያ ታባርራቸው ነበር። አጎቴ በሰው ፊት ይስቃሉ። "በሽተኛ ናት ግን ክንዷ አልታመመም" ይላሉ። አንድ ቀን ግን ከቡና ማድረቂያው ጀርባ በርሜሉ ውስጥ ፊታቸውን ሲታጠቡ አየኋቸው፤ ፊት ለመታጠብ ያ ሁሉ ጊዜ አይፈጅም። እና እማ፣ ለራሳቸውም እንፈራላቸዋለን። አያቴ መሳት የጀመረችበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ቁልፍ ሲጠፋባቸው ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። ስትጠይቂኝ "ኮምፒውተር ላይ መሳል ነው" ብቻ ብዬሽ ነበር፤ አንቺም ለጎረቤቶችሽ ልጄ ሠዓሊ ናት ብለሽ አወራሽ አሉ። ሠዓሊ አይደለሁም። አያቴን ትከታተላት የነበረችው ሲስተር ኤውካሪስ እንዴት እንዳስገባችኝ ታውቂያለሽ። አያቴ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ቦሎቄ ስለቅም ታየኝ ነበር፤ ይህች ልጅ ትምህርቷን ብታቋርጥም ዓይኗ አይሰለችም ብላ ለተመራማሪዋ ለዶክተር ማርሌኒ ነገረቻቸው። እሳቸውም ከእኛው፣ በሽታው ካለብን ቤተሰቦች፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ይፈልጉ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተሰጠው አንጎል እንደ ወረቀት ሳስቶ ይቆረጣል፣ ቀለም ይጠጣል። ቀለሙ ከሚሊዮኑ የነርቭ ሕዋስ ጥቂቱን ብቻ ያጠቁራል፣ ስለዚህ ጫካው ጠፍቶ አንድ አንድ ዛፍ ብቻ ይታያል። ዛፍ የምለው ዛፍ ስለሚመስል ነው፤ ግንድ አለው፣ ቅርንጫፍ አለው፣ የቅርንጫፍ ቅርንጫፍ አለው። በማይክሮስኮፕ ፎቶ ይነሣና ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ከግንዱ ተነሥቼ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ እስከ ጫፉ በማውስ እየተከተልኩ ነጥብ አስቀምጣለሁ፤ ወፍራም ከሆነ ወፍራም፣ ቀጭን ከሆነ ቀጭን። ኮምፒውተሩ ነጥቦቹን አያይዞ ዛፉን ያቆመዋል። ወዲህና ወዲያ ባዞረው ጀርባውንም ያሳየኛል። ከዚያ ዶክተር ማርሌኒ በስሌት ነፍስ ይዘሩበታል። በዚህኛው ጫፍ መልእክት ቢገባ ግንዱ ጋ ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል እያሉ ይጠይቁታል። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ገብቶ እንዲህ መጠየቅ አይቻልም፤ የሞተውም አይመልስም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያቆምነው ግን ይመልሳል።

አንዱን ዛፍ ሁለት ሰው ይስለዋል፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ። የኔ ጥንድ ኑቢያ ናት። ዕድሜዋን በሙሉ በጥልፍ ሥራ ነው የኖረችው፤ በጥልፍ ደግሞ የተንጠለጠለ ክር ነውር ነው። መጀመሪያ ላይ የቅርንጫፎቹን ጫፍ ሁሉ እርስ በርስ ትቋጥራቸው ነበር። መልእክቱ ቀለበት ውስጥ ይገባና ሲዞር ይውላል። ዶክተር ማርሌኒ መጥተው፣ "ኑቢያ፣ ዛሬም ዳንቴል ሠራሽልኝ?" ይሏታል። እሷም ተፈጥሮ ወጉን ብታውቅ ክሯን አንጠልጥላ አትሄድም ነበር ብላ ታጉረመርማለች። ሁለታችን ስንጨርስ የእሷና የእኔ ይደራረባል፣ ያልተስማማንበት በቀይ ይወጣል፣ በቀዩ ላይ እንከራከራለን። እኔ መጀመሪያ መከራከር አልችልም ነበር፤ ሁሉንም "ይሁን" እላለሁ። ኑቢያ አንድ ቀን ማውሱን አስቀምጣ፣ "ልጄ፣ ይሁን የምትዪ ከሆነ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ፣ እኔው ብቻዬን ሁለት ጊዜ እስለው የለ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እከራከራለሁ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ ግን እከራከራለሁ።

አንጎሉ የማን እንደሆነ አናውቅም፤ የሚመጣልን ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት በእያንዳንዱ ዛፍ ውስጥ አያቴን እፈልግ ነበር። አንዱ ወደ ግራ ዘመም ሲል አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምታዳምጠውን ታስታውሰኛለች። አሁን መፈለግ ትቻለሁ። ሌላም ነገር እተዋለሁ፤ በእኔ ውስጥ ያለው ዛፍ፣ በአንቺም ውስጥ ያለው ወደፊት እንዴት ይሆን ብዬ አልጠይቅም። ሐሳቡ ሲመጣ ወደሚቀጥለው ነጥብ እሄዳለሁ። ከአያቴ ጋር ቦሎቄ ስለቅምም እንደዚያው ነበር የማደርገው።

እንግዲህ ዋናው ነገር የሆነው ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ነው። በየዓመቱ ተመራማሪዎቹ ወደ አንዱ ከተማችን መጥተው ለቤተሰቦቹ ያገኙትን ያሳያሉ፤ ዘንድሮ ተራው የእኛ የአንጎስቱራ ነበር፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ዶክተር ማርሌኒ ማሳየቱን ለእኔ ሰጡኝ። ኑቢያ ትሁን ብዬ ለመንኳቸው። እነዚህ ያንቺ ሰዎች ናቸው፣ ንግግሩን እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ቁልፉን ብቻ ተጫኝ አሉኝ። ዜናው ቤት ሲሰማ አጎቴ፣ "ማን? እንግዳ ሲመጣ ከዶሮዎቹ ጋር የምትደበቀዋ? ድምፅ ማጉያው ራሱ እንቅልፍ ይወስደዋል" አሉ። ሚስት አይደለች፣ አክስቴ ኖኤሚ ግን አልተወቻቸውም። የእህትህን ልጅ ሰው ፊት ስትቆም ካላየህ ነገ የበቆሎ አሬፓህን ራስህ ጋግር አለቻቸው። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡና ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ለመውጣት እንዲመቻቸው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መንደራችን ላ ኔብሊና ካለን ሁሉ ግማሹ መጥቷል፣ በየቤቱ በሽታው የሌለበት የለምና። ዶክተር ማርሌኒ ዛፉን ግድግዳው ላይ አብርተው ሲያስረዱ ከተሰብሳቢው ዶን ሂልዳርዶ እጃቸውን አወጡ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚስታቸውን የልደት ቀን ካገኘን እንድንነግራቸው፣ እሳቸው ሳይታመሙ እንደረሱት ተናገሩ። ሚስታቸው በቦርሳዋ መታቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ትንሽ መተንፈስ ቻልኩ።

ያኔ አጎቴ ከኋላ ተነሡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"የዲዮሴሊና ልጅ ነኝ" አሉ። "የእናቴ የትኛው ነው?"

ሳቁ ተቆረጠ። ዶክተር ማርሌኒ በትሕትና፣ ማን የማን እንደሆነ ሆን ብለን አናውቅም፣ ምናልባት ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አሏቸው። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲያው ወስዳችሁ የት እንዳደረሳችኋት አታውቁም" አሉ። ባርኔጣቸውን ደፉና ወደ በሩ ዞሩ።

እማ፣ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ልጻፍልሽ። እኚህ ሰው አሁን ከዚህ በር ከወጡ እናቴ በዚያ በር አትገባም፤ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። "አጎቴ" አልኩ። ለካ ድምፅ ማጉያው እጄ ላይ ነበር፤ ዶክተር ማርሌኒ ውሃ ሊጠጡ ብለው አስይዘውኝ ነበር። ቃሉ ከአራቱም ማዕዘን ተመልሶ መጣብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። አጎቴ ቆሙ፣ ግን አልዞሩም። ለእኔም ጀርባቸውን እያየሁ መናገር ቀለለኝ።

የቡና ሰው ልጅ መሆኔን በመናገር ጀመርኩ። በእኛ ቤት እጅ የደረቀ ቅርንጫፍ ካየ ሳይጠየቅ ይመለምላል፤ ከእኛ አገር ለዚህ ሥራ የመጣ ሁሉ የሚሳሳተው በዚሁ ነው። የመጀመሪያውን የታመመ ሕዋስ ሲሰጡኝ ቀጭኑን፣ የተኮማተረውን፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እያበጠና እየሰለለ የሚሄደውን ሁሉ ሳላስበው ዘልዬ ደህናውን ብቻ ሳልኩ። ዛፉ ሲቆም ያምር ነበር። መልእክት ሲሰጡት ግንዱ ድረስ አደረሰ፣ እንደ ጤነኛ ሰው። ዶክተር ማርሌኒ አይተውት፣ ይህ ሰው እንዲህ ከነበረ ለምን ታመመ አሉኝ። የኑቢያ ሥዕል ሲደረብበት እኔ የዘለልኩት ሁሉ በቀይ ወጣ። "እኛ የመጣነው ለደረቀው ነው ልጄ" አሉኝ። "እሱን ከመለመልሽው ኮምፒውተሩ አንቺው የነገርሽውን ውሸት መልሶ ይነግርሻል።"

ይህን ተናግሬ ቁልፉን ተጫንኩና ሁለቱንም ዛፎች ጎን ለጎን አሳየሁ፤ እኔ የመለመልኩትንና ያልተመለመለውን። መልእክቱ እንደ ብርሃን ነው የሚታየው። በመጀመሪያው ላይ ከጫፍ ተነሥቶ ግንዱ ድረስ ሮጠ። በሁለተኛው ላይም ከጫፍ ተነሣ፣ በቀጠነው ቅርንጫፍ ትንሽ ሄደ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። ግንዱ ጨለማ ሆኖ ቀረ።  አጎቴ መቼ እንደዞሩ አላየሁም፤ ብቻ ቀና ስል ግድግዳውን እያዩ ነበር።

"የአያቴ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አጎቴ" አልኩ። "ግን እርስዎን ገፍታ አይደለም። ስምዎ ገብቷል፣ ጫፉ ድረስ ደርሷል። መንገዱ ነው የከዳው። መንገድ ተንዶበት የቀረ ሰው መምጣት ስላልፈለገ አይደለም የሚቀረው።"

አጎቴ ከግድግዳው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ፣ "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። አዎ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለሁም አልኳቸው። ዶክተር ማርሌኒ ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ሳይወስዱ ጠጋ ብለው ተናገሩበት። አንድ ሕዋስ ብቻውን ሰውን አያስታውስም፣ ብቻውንም አይረሳም። ሌሎች ዛፎች ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው የሚጮኹ ሆነው አግኝተናቸዋል። ከጫካው ገና ጥቂቱን ነው ያየነው፣ ሞዴሉም አንጎሉ ራሱ አይደለም። "እኔ ብሆን እንደዚህ አልለውም ነበር" አሉ። "ግን ሐሰት አልተናገረችም።" አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁና ተቀመጡ። ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ከዶን ሂልዳርዶ ጎን ባለው ባዶ ወንበር ላይ። እስከ መጨረሻው አልተነሡም።

 ሲያልቅ ሴቶቹ መጥተው ሳሙኝ፤ እመት ፋቢዮላ፣ አንቺ ልጅ ለካ ድምፅ ነበረሽ ብለው ጉንጬን ቆነጠጡኝ። እማ፣ ኮራሁ። ኃጢአት ከሆነ ይቅር በይኝ። የኮራሁት በራሴ ብቻ አይደለም፤ በአያቴ ነው፣ ገና ሳትረሳ ይህን ሁሉ ስላሰበች። በአንቺም ነው፣ በዚያ ሩቅ አገር ቆመሽ ያን ቃል በማያጥፍ ድምፅ "ጥሪያቸው" ስላልሽ። ያን ቀን ባትይው ኖሮ እኔ ዛሬ የምናገረው አልነበረኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ላይ አጎቴ አጠገቤ ተቀመጡ። ዳገቱን ጨርሰን የተናደውን ስፍራ አለፍን። አሁን እዚያ ላይ ሣር በቅሎበታል። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ እኔም ስሞት አንጎሌን ይውሰዱት አሉ። ቀጥለው፣ "ግን አንቺ ሳዪው። አታሳምሪኝ" አሉኝ። የማን እንደሆነ እንደማናውቅ፣ ለእኔ ይድረሰኝ ማለት እንደማይቻል ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ "እንግዲያው የሁሉንም እንደዚያው ሳዪ" አሉ። አክስቴ ኖኤሚ ከኋላችን ሆና፣ አንተን ማሳመር ብትሞክርስ በምን ተአምር ትችላለች አለቻቸው። ሳቁ፣ እማ። በሰው ፊት የሚስቁት ሳቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ሳምንት የሆነውን ዱቫን ነው የነገረኝ። አጎቴ ሰኞ ዕለት በመሰላል የአንቺ ክፍል ጣሪያ ላይ ወጥተው የተሰበሩትን ሸክላዎች ሲቀይሩ ዋሉ። ለማን ነው ብላ አክስቴ ስትጠይቃቸው፣ ጣሪያ ለማን ይሠራል፣ ለዝናብ ነዋ አሏት። ሐሙስ ዕለት የአያቴን ፎቶ ሳሎን ውስጥ ሰቀሉት። ሁለት ዓመት ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ እንደነበር አልነገርንሽም ነበር።

አሁን ሰላምታውን ልጻፍ። ዱቫን፣ የእግር ኳስ ጫማዬ ጠቦኛል ግን ለእናቴ እንዳትነግሪ ብሎ አሥር ጊዜ ሰላም በያት ይላል። አክስቴ ኖኤሚ ሁለት ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ ያንን ሳል በማርና በሎሚ እንጂ በክኒን እንዳትይዢው ትልሻለች። ሲስተር ኤውካሪስ በርቺ ብላሻለች። ኑቢያ አታውቂያትም፣ ግን ይህችን የመሰለች ተከራካሪ ስለወለድሽ እግዜር ይስጥሽ ትላለች። እመት ፋቢዮላ ይህን ሲሰጡሽ ባዶ እጃቸውን እንዳትለቂያቸው፣ ቤታቸውን የምንጠብቀው እኛ ነን። ለእመት ሬሜዲዮስ ከማያውቋት ልጅ ሰላምታ አድርሺልኝ፤ በእህታቸው ስም ሲጠሩሽ እሺ በያቸው።

አንድ ሰላምታ ቀርቷል። አጎቴ ይህን ስጽፍ ከጠረጴዛው ማዶ ቢላ እየሳሉ ተቀምጠዋል፤ ስሎ ካለቀ ቆይቷል። አሁን ለማን ነው የምትጽፊው አሉኝ፣ ለእናቴ አልኳቸው። ከአንተ ምን ትበላት ብላ አክስቴ ከማድ ቤት ተጣራች። ቢላውን አስቀመጡ። ስምሽን ሊጠሩ ሁለቴ ጀምረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሩቢዬላን" አሉኝ በሦስተኛው፣ "ኖኤሚ ወገቧን ያማታል፣ የገናውን ናቲያ ገንፎ የሚያማስልልን ሰው የለም በያት።"

የምትወድሽና የምትጠብቅሽ ልጅሽ
ዩራኒ

ላ ኔብሊና፣ አንጎስቱራ
እሑድ፣ ኦክቶበር 23 ቀን 2022